ወፊቱ በዝግታ ስታንጎራጉር

ሰውየው ከሞተ አንድ ሌሊት አልፏል፤ ሸክላው ግን ገና ይዞራል።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። መርማሪዋን ስቱዲዮው በር ላይ የተቀበላት ይህ ድምፅ ነበር። መርፌው የሸክላው መጨረሻ ላይ ደርሶ፣ የሚያነሳው አጥቶ፣ አንድ መስመር ላይ ይመላለሳል። የሚያነሳው ሰው ማጫወቻው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ወደ ጠረጴዛው እንደተዘረጋ ደርቋል፤ ማጅራቱ ላይ የፈሰሰው ደም ጠቁሯል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳውም በሩም ድምፅ እንዳያወጣ በፍራሽ ተለብጧል፤ እዚያ ውስጥ ኡኡ ያለ ሰው የሚጮኸው ለፍራሹ ነው።

አሥር አለቃው ማጫወቻውን ሊያጠፋ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለችው።

«ያስፈራል እኮ፣ ኢንስፔክተር። ሬሳ አጠገብ ዕቃ ሲዞር...»

«ፍራና ተወው። ይልቅ ይህ የፍጥነት ቁልፍ ለምን ዝግታው ላይ ሆነ?»

ማጫወቻው ሁለት ፍጥነት አለው። ሸክላው መሃል ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በፈጣኑ ይጫወት» ይላል፤ ቁልፉ ግን ዝግታው ላይ ነው።

«ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ለምን ይሳሳታል?»

በጣቢያው በሌለችበት «እሜቴ ለምን» እያሉ እንደሚጠሯት ታውቃለች፤ ስሙን ወደደችው እንጂ አልተቀየመችበትም። ከረሜላ ከጉንጯ የማይጠፋ፣ ጫጫታ የማትወድ፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት። በበዓል ቀን እንኳ ሬዲዮ አትከፍትም። ይህን ሟች ግን እሷም ታውቀዋለች፤ የማያውቀው የለማ።

«ድምድም» ይሉታል። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆነው የአንድ አሮጌ መጋዘን ምድር ቤት ተከራዩና «ጉድጓዱ» አሉት። እዚያ ጨለማ ውስጥ በማሽን ብቻ የተሠራ ሙዚቃ ይጫወታል፤ ዘፋኝ የለው፣ ግጥም የለው፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይጨፍርበታል። ለዓመታት ከጉድጓዱ ሰዎች በቀር ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም። ከዚያ ታናሽየው አንዲት ዘፈን ሠራ። ቃል የላትም፤ አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ ታንጎራጉርባታለች፣ መጨረሻዋ ላይ የሆነች ወፍ ጭር ጭር ትላለች፣ ያበቃል። ሕዝቡ ራሱ «ወፊቱ» ብሎ ስም አወጣላት። ታክሲው ወፊቱ፣ ሱቁ ወፊቱ፣ የሳሙና ማስታወቂያው ወፊቱ ሆነ። የዘፋኟም ፎቶ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ እሷም «ወፊቱ» ተብላ ቀረች።

ታላቅየው ግን አንድ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ሙዚቃውን አቁሞ፣ በዳንሰኞቹ ሁሉ ፊት «ወንድሜ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ሞቷል» አለ። ይህን ባለ ሳምንት ሳይሞላው ወንድሙ እውነትም ሞተ። የጣቢያው አዛዥ ሌላ ነገር አልፈለጉም፤ ማለዳውን ከአልጋው አስነስተው አሰሩት።

«የስቱዲዮው ቁልፍ አለው፣ ቂም አለው፣ ባፉም ተናግሯል» አሉ በስልክ። «ማምሻውን ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ። አንቺ እንዲያው ለደንቡ ያህል እይው።»

ለደንቡ ያህል ማየት አታውቅበትም። በሩን ሳበችው፤ በራሱ ጊዜ ተቆለፈ። ስለዚህ ገዳዩ ወጥቶ ለመቆለፍ ቁልፍ አላስፈለገውም፤ ለመግባት ደግሞ ሟቹ ከከፈተለት ይበቃል። ከፍቶለታል፤ ጀርባውንም ሰጥቶታል። ሰው ለሚፈራው ሰው ጀርባውን አይሰጥም።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ አንድ ነገር ብቻ ያብረቀርቃል። ጥግ ላይ የቆመው የማይክ መቆሚያ ከታች ከባድ ክብ ብረት አለው፤ ያ ብረት ጥርት ብሎ ተወልውሏል። ምንጣፉ ላይ ብረቱ ለረጅም ጊዜ የተጫነበት ክብ ምልክት አለ፤ መቆሚያው ግን ከምልክቱ ክንድ ያህል ርቋል። ማይኩ ፊት ሄዳ ቆመች። አፏን ለማድረስ አገጯን ወደ ላይ ብዙ ማንሳት ነበረባት።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«በከባድ ክብ ነገር ጠርዝ፣ አንዴ ነው የተመታው። ትናንት ከሰዓት በኋላ።»

«እንግዲያው ዕቃው ይኸውልህ። ገድሎ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ እንደ ጨዋ ቆሟል።»

የእናትየው ቤትና ስቱዲዮው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። አሮጊቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ትናንት ሰው ሲገባ ሰምተዋል፣ እማማ?»

«የሱ በር በመንገድ በኩል ነው፤ በምን እሰማለሁ? ከዚህ የሚያልፈው ድም ድሙ ብቻ ነው። ይኸው ስንት ዓመት፣ ልጄ ምን እንደሚዘፍን በዚህ ግድግዳ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ግን እንደ ልብ ይመታል፤ በሱ ነበር መኖሩን የማውቀው። ትናንት ድም ድሙ ቀስ አለ። ቀስ እንዳለ ቆመ። ደክሞት ተኛ አልኩ።»

«ወፊቱንስ ይወዷታል?»

«ልጄ የሠራትን አልሰድብም እንጂ፣ ያቺ ልጅ ሲጢጥ ስትል ጥርሴን ነው የሚያመኝ።» መዳፋቸውን ከግድግዳው አነሱ። «የኔ ልጅ፣ ያሉኝ ሁለት ናቸው። አንዱን ነገ እቀብራለሁ። ሌላው ወንድሙን ሳይሸኝ እስር ቤት ከቀረ፣ ጉድጓዱን ሰፋ አድርጋችሁ እኔንም ጨምሩኝ።»

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። መርማሪዋ በሥራዋ ብዙ ልቅሶ አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ደረቅ ዓይን ግን ፈራችው። ቃል መግባት አልደፈረችም፤ ከረሜላዋን ዋጥ አድርጋ ወጣች።

ታላቅየውን ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አጭር፣ ደንዳና፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነው።

«ገደልከው?»

«ባፌ ገደልኩት። በእጄ አልነካሁትም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በፊት ጉዳይ ነው የተጣላነው፣ እትዬ። ጉድጓዱ ውስጥ ፊት የለም። ዝነኛውም ምስኪኑም ጨለማ ውስጥ እኩል ያልበዋል። አደባባዩ ግን ‹ፊት አምጡ› ይላል። ወንድሜ ዓይን አፋር ነው፤ የራሱን መስጠት ፈርቶ የሷን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ የሷ እንጂ የኛ አልሆነም።»

«ዘፈኗን ታውቃታለህ?»

«ቁጭ ብዬ እንዳልሰማት ምያለሁ። ከታክሲ ውስጥ ዘልሎ ጆሮዬ የገባውን ያህል ነው የማውቀው። ያቺ ወፍ የምትሏት ጭርጭርታ በተለይ ትቀፈኛለች።»

«ወንድምህ ሸክላ በተሳሳተ ፍጥነት ያጫውታል?»

ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። «እሱ? ተኝቶም አይሳሳትም። እኛ ዘንድ ፍጥነት የሳተ ሰው ሱሪውን ረስቶ አደባባይ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው።»

«ማይኩንስ እንዴት ያቆመዋል?»

«ዝቅ አድርጎ ነዋ፣ ከጉልበት በታች። የሚቀዳው ድስት ነው፣ ማንኪያ ነው፣ የውሃ ጠብታ ነው። እዚያ ክፍል ሰው ተቀድቶ አያውቅም።»

ልትወጣ ስትነሳ ጠራት። ዓይኑ መሬት ላይ ነበር።

«ትናንት ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ‹ና፣ ወፊቱን በደንብ ላሰማህ፤ አንተም አለህባት› አለኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝና ዘጋሁበት።»

የሟቹን ማናጀር ቢሮው ውስጥ አገኘችው። ሬሳውን መጀመሪያ ያየው እሱ ነው፤ ሟቹ ዛሬ ማለዳ ልምምድ ቢቀር ሊወስደው ሄዶ፣ መልስ ቢያጣ በእናትየው ቁልፍ አስከፍቶ። ከጠረጴዛው ኋላ ሲቀመጥ ትልቅ ሰው ይመስላል፤ ሲነሳ ግን የመርማሪዋ ጆሮ ላይ አይደርስም። ግድግዳው ሁሉ የወፊቱ ፎቶ ነው፤ የሟቹ አንድም የለም።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ለቅዳሜው ኮንሰርት እየተዘጋጀሁ።»

«ከሟቹ ጋር በኮንሰርቱ ተስማምታችሁ ነበር?»

«በደንብ እንጂ!»

«ታዲያ ለምን ላብዎን ይጠርጋሉ?»

ማናጀሩ መሐረቡን አየው፤ ከዚያ ተሸነፈ። «ልጅቷን ከመድረክ ሊያወርዳት ነበር። ‹ከእንግዲህ ፊት አያስፈልገኝም› አለኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ማንን ይይ? ማሽን? ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ‹ራሴ እነግራታለሁ› አለኝ። ለእርስዎ ያልነገርኩት ጣቱ ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ ነው።»

«ዞሯል፤ ግን ብቻዎን አይደሉም።»

ወፊቱ አዲስ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከወንበሩ መስተዋቱ ይበዛል። መለሎ ናት፤ በር ከፍታ ስትቆም አሥር አለቃው ቀና ብሎ ነው ያያት። ዓይኗ አብጧል። ከስቱዲዮው ፊት ለፊት የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ትናንት መንገድ ላይ አይቷት ስለነበር፣ አልሄድኩም ለማለት አልሞከረችም።

«ሄጄ ነበር። በሩ ዝግ ነው። ከውጭ ቆሜ ስሰማ ወፊቱን በዝግታ ያጫውታታል። ድምፄ እንደ ባልቴት ወፍሮ ያንጎራጉራል። እያሾፈብኝ ነው ብዬ ከፋኝ፤ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።»

«ስቱዲዮው ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

«በጭራሽ። እኔ የተቀዳሁት ሌላ ቦታ ነው።»

«እስቲ ትንሽ አንጎራጉሪልኝ፤ በአካል ሰምቼሽ አላውቅም።»

ልጅቷ አንገቷን ያዘች። «ዛሬስ ጉሮሮዬ ተዘግቷል፣ እትዬ።»

«እውነትሽን ነው፤ ሐዘን ጉሮሮ ይዘጋል» አለች መርማሪዋ፣ ለስለስ ብላ።

ወደ ስቱዲዮው ሲመለሱ ሬሳው ተነስቶ ነበር። አሥር አለቃውን ውጭ አቆመችው፤ በሩን ዘጋች፤ መርፌውን ሸክላው መጀመሪያ ላይ አኖረችው። የፍጥነቱን ቁልፍ አልነካችም። ሬዲዮ የማትከፍተው ሴት ያቺን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆማ ሰማች። ሲያልቅ ከረሜላዋ አፏ ውስጥ እንዳለ ረስታዋለች። በሩን ከፈተች።

«ምን ሰማህ?»

«ድም ድም። ረጋ ያለ፣ ከሩቅ እንደሚመታ ከበሮ።»

«ሌላስ? ሰው አላንጎራጎረም?»

«በዚህ ሁሉ ፍራሽ? ኧረ ምንም።»

ግንባሯን አሻሸች። «ሂድና ሁሉንም ጥራልኝ። እስረኛውንም፣ እናትየውንም። አዛዡንም ለምንልኝ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ያቺ ክፍል ውስጥ ተጨናነቁ። እናትየው ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ታላቅየው እጁ በካቴና ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል፤ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። ማናጀሩ መሐረቡን ጨምድዷል። ወፊቱ በሩ አጠገብ ቆማለች። አዛዡ ሰዓታቸውን አዩ።

«አጭር ይሁን» አሉ።

«ያጥራል። አንድ ነገር ብቻ እንጫወት፤ እያንዳንዳችሁ እዚህ ማይክ ፊት ቁሙልኝ።»

«ሕፃናት ነን?» አሉ አዛዡ። ግን ቆሙ፤ ማይኩ ዓይናቸው ላይ ደረሰ። ታላቅየው ሲቆም ከግንባሩ በላይ ሆነ። ማናጀሩ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ቢንጠራራም አልደረሰበትም። ወፊቱ ከበሩ ንቅንቅ አላለችም።

«ነይ እንጂ፣ ልጄ።»

መጣች። ማይኩ ከንፈሯ ላይ፣ ለእሷ የተለካ ይመስል፣ ልክ ገጠመ።

«ሟቹ ማይኩን የሚያቆመው ከጉልበት በታች ነበር» አለች መርማሪዋ። «የገደለው ሰው መቆሚያውን በአንገቱ ይዞ በብረቱ መታው። ብረቱን ወለወለ። መልሶ ሲያቆመው ግን ልቡ ሌላ ጋ ነበር፤ እጁ ብቻውን ሠራ። እጅ ደግሞ የለመደውን ነው የሚሠራው። መድረክ ላይ የሚውል ሰው ማይክ ሲያገኝ ሳያስበው አፉ ጋ ያደርሰዋል።»

«ረጅም ሰው ሞልቷል!» አለች ወፊቱ።

«ሞልቷል። ለዚህ ነው በዚህ ብቻ ያልያዝኩሽ። ከውጭ ቆሜ ድምፄ እንደ ባልቴት ሲያንጎራጉር ሰማሁ አልሽኝ። እኚህ እናት ግድግዳ ተጋርተው ስንት ዓመት ሲኖሩ የሰሙት ድም ድሙን ብቻ ነው። አሥር አለቃዬም በሩ ላይ ጆሮውን ለጥፎ የሰማው እሱኑ ነው። ከዚህ ክፍል ወደ ውጭ ድም ድም እንጂ ድምፅ አይወጣም። ያን እንጉርጉሮ የሰማ ሰው ፍራሹ ውስጥ፣ ከኛ ጋር አሁን በቆመበት ነው የቆመው።»

አዛዡ ሰዓታቸውን ማየት ትተዋል። «ለምን ትገድለዋለች?» አሉ። ጥያቄው የእሷ ነበር፤ ሊነጥቋት ፈልገው ግን አልነበረም።

«ሸክላው ይንገራችሁ። ፍጥነት የማይስት ሰው ሆን ብሎ ነው በዝግታ ያዞረው። እማማ፣ ልብዎን ጠንከር ያድርጉ።»

መርፌውን አኖረችው። ድም... ድም... አለ፤ በዝግታ፣ ከእግር ሥር የሚመጣ ይመስል። ከዚያ አንዲት ሴት ማንጎራጎር ጀመረች። ቀጭኗ፣ ሲጢጥ የምትለዋ አይደለችም። ወፈር ያለ፣ የደከመው፣ ሕፃን ክንዱ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው።

እናትየው ቀስ ብለው ከወንበሩ ተነሱ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ይቺ... ይቺማ እኔ ነኝ!» አሉ። «አባታቸው ቴፕ የገዛ ጊዜ ነው። ልጁን ሳስተኛ... እሱ ክንዴ ላይ ነበር።»

«የእርስዎን ድምፅ አፍጥኖ ነው ወፊቱን የሠራት» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ውስጥ የልጅቷ ትንፋሽ የለም። ፊቷን ብቻ ነው የተዋሰው።»

ወፊቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። የተናገረችው ለማንም አልነበረም።

«‹ቅዳሜ እናቴን ፊት አስቀምጬ በዝግታ አሰማታለሁ› አለኝ። ‹አንቺም ከውሸቱ ታርፊያለሽ› አለኝ። ደስ ብሎት እኮ ነው የሚነግረኝ! እያሳረፈኝ መስሎታል። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያ ድምፅ ሲወጣ ኖሮ፣ የኔ ነው ብዬ አምኜ ነበር። መንገድ ላይ ሕፃናት ወፊቱ ይሉኛል። ነገ ምን ይሉኛል? ‹እንደገና ስሚው› ብሎ መርፌውን መልሶ ጀርባውን ሰጠኝ... ስወለውል ዘፈኑ አልቆመም። አላቆምኩትም፤ ማቆም ፈራሁ። መጨረሻው ላይ ያ ልጅ ሲናገር ሮጬ ወጣሁ።»

«የቱ ልጅ?» አሉ አዛዡ።

ማንም ሳይመልስላቸው ዘፈኑ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ወፊቱ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ሰው ሁሉ ወፍ ናት የሚላት ጭርጭርታ በዝግታ መጣች፤ ወፍ ግን አልነበረችም። አፉን በቅጡ ያልፈታ ወንድ ልጅ ነበር፣ ከእናቱ ጉልበት አጠገብ።

«እማዬ፣ ድገሚለት።»

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

የታላቅየው ፊት እንደ ጨርቅ ተጨማደደ። «እኔ ነኝ» አለ። «‹አንተም አለህባት› ያለኝ... እኔን አስገብቶኛል። አገር ሁሉ ድምፄን ወፊቱ እያለ ሲጠራ እኔ ስቀፈፍ! እኔ ሞቷል ስል፣ እሱ በየታክሲው ይዞኝ ሲዞር ነበር።» የታሰረ እጁን አፉ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ማለዳ ሲያስሩት ያላለቀሰውን።

አዛዡ ካቴናውን ራሳቸው ፈቱለት። አሥር አለቃው ወፊቱን አንስቶ ይዟት ወጣ፤ ማናጀሩም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆመች። ሸክላው ገና ይዞራል፤ እሷ ግን አሁንም ላጥፋው አላለችም።

እናትየው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አሁን እርጥብ ነው። ታላቅየው አጠገባቸው በርከክ አለ።

«እማዬ» አለ። «ልድገመው?»

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁለት። መርፌውን አነሳና መጀመሪያው ላይ አኖረው፤ ቁልፉን ዝግታው ላይ ተወው።